በአገልግሎት ሰዓት ስታገለግል ስለተያዘችው ልጅ

ለተከበሩ የአጭር ጊዜ የወንጌል ተልዕኮ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም መፈረም የማይታክተው ቀኝ እጅዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። ደህና ባንሆን እንኳ ሪፖርትዎ ደህንነታችንን በየዓመቱ ከነፎቶው ስለሚያረጋግጥልን፣ በተጻፈ ነገር ላይ አፍ መክፈት የእኛ ፋንታ አይደለም።

እኔን አያውቁኝም፤ ቲሸርቶችዎ ግን ያውቁኛል። ልብስ አጣቢ ነኝ። ከጸሎት ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው፣ በሯ ላይ እንፋሎት የማይጠፋባት ሱቅ የእኔ ናት። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ድንበር አሻግረው የሚልኩልን ወጣቶች የሚለብሷቸውን፣ ጀርባቸው ላይ «ላገለግል መጣሁ» የሚሉትን ቢጫ ቲሸርቶች ለመዝጊያው ፎቶ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ የማስረክበው እኔ ነኝ። የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ አባልም ነኝ። ኮሚቴው እኔ፣ ጎረቤቴ አናጢውና ስብሰባ በተጀመረ ቁጥር እንቅልፍ የሚጥላቸው አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነን። ድንበር ቢለየንም ቋንቋችን አንድ ስለሆነ፣ የጻፍኩት እንደሚገባዎ አልጠራጠርም፤ መግባቱን ካልፈለጉት ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልሸፋፍን ልናገር። ዘንድሮ ከላኳቸው ወጣቶች መካከል አንዷን፣ እኛ «ዝምተኛዋ» የምንላትን ልጅ፣ ከአገልግሎት አግደው ስሟን በገዛ ጉባኤዋ ፊት በጥፋት አስነብበዋል። ስሟን እንዲመልሱላት ልለምንዎ ነው ብዕር ያነሣሁት። ቅሬታ የለኝም፤ ምስጋና ግን ሞልቶኛል፣ እንዳይፈስብኝም በተራ በተራ አስቀምጠዋለሁ።

፩ኛ. ስለ አጥሩ እናመሰግናለን። በየዓመቱ «ለወጣቶቻችን የሚሠራ ሥራ አዘጋጁ» የሚል መልእክትዎ ይደርሰናል። መጀመሪያ ጊዜ የዋህ ነበርንና፣ ለልጆቻችን ሒሳብ የሚያስጠና ሰው ቢልኩልን ብለን ጠየቅን። ሥራው በሁለት ሳምንት የሚያልቅ፣ በፎቶ የሚታይና እጅ የማይቆርጥ እንዲሆን በደግነት አስረዱን። ስለዚህ አናጢው እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ የጸሎት ቤቱን አጥር ይነቅላል፤ ወጣቶቹ እየዘመሩ ይተክሉታል፤ አውቶቡሳቸው ጥግ ዞሮ ሲሰወር አናጢው መዶሻውን ይዞ ይወጣና የተንጋደደውን ሁሉ ነቅሎ ያቀናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለሌላ ነው፤ እኛ ጋ የሚያፈሰው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ ነው። አንድ ምስኪን አጥር ይህን ያህል ሕዝብ ሲባርክ አይቼ አላውቅም።

፪ኛ. ስለ መዳናችን እናመሰግናለን። ጸሎት ቤታችን እነዚህ ልጆች ሳይወለዱ የቆመ ነው፤ እናቶቻቸው ራሳቸው ሳይወለዱ መዝሙር እንዘምርበት ነበር። ነገር ግን አንድ ለግላጋ ወጣት ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ፣ መድረክ ላይ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሣ» ሲል፣ አንድም እጅ ሳይነሣ ቢቀር እንዴት ያስችላል? ሰው አንጀት የለውም እንዴ? ስለዚህ ተራ ገባን። አንድ ዓመት አናጢው፣ አንድ ዓመት ሚስቱ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሽማግሌው በእንቅልፍ ልባቸው። በሪፖርትዎ መሠረት ሰፈራችን በየዓመቱ ፈጽሞ ይድናል፣ ቲሸርቶቹ ከመድረቃቸው ደግሞ ተመልሶ ይጠፋል።

፫ኛ. ስለ አባቴ ፈውስ እናመሰግናለን። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «የታማሚ ጉብኝት» የሚል ፕሮግራም ባወጡልን ጊዜ፣ ታማሚ አልጠፋም ነበር፤ ጥግ ቤት ያሉት እማማ አልጋ ላይ ከወደቁ ሰንብተዋል። ችግሩ እማማ ተሳዳቢ ናቸው። ጊታር ከትከሻው የማይወርደው የቡድን መሪዎ ገና ከበሩ ሲገባ ሰውየውንም ጊታሩንም አንድ ላይ ሰድበው አስወጧቸው። መሪውም ፈገግ የሚል ታማሚ ይኖረን እንደሆን በትሕትና ጠየቀን። ኮሚቴው ግራ ሲገባው አባቴ «እኔ ልተኛላችሁ» አለ። ያው በየዓመቱ፣ እንግዶቹ በገቡበት ቀንና በሚሰናበቱበት ቀን፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ይተኛል፤ ወጣቶቹ ከበው ይጸልያሉ፤ መሪው «ተነሡ አባባ» ሲል ብድግ ይላል፤ ከዚያ እልልታው፣ እቅፉ፣ ለቅሶው አይጣል ነው። ምነው አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ እለዋለሁ። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያመላልስ አንድም ተሳፋሪ እንዳላጨበጨበለት፣ ልጆቹም ከሩቅ መጥተው ሆድ ብሷቸው ቢመለሱ ኃጢአቱ የእሱ እንደሚሆን ይነግረኛል። እንግዲህ እኛም አስለምደናችኋልና ሁሉን በእርስዎ ላይ አልደፈድፍም።

፬ኛ. እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዱ ትንሽ ይጠፋብኛል፤ ይታገሡኝ።

ዘንድሮ በመጨረሻው ቀን፣ ከመዝጊያው ዝግጅት በፊት፣ ቡድኑ እንደ ልማዱ ከሱቄ ማዶ ወዳለው ወደ አባቴ ክፍል ገባ። ተጸለየ፣ ተዘመረ። መሪው «ተነሡ አባባ» አለ። አባቴ አልተነሣም። ደግሞ አለ፤ አልተነሣም። ልጆቹ ሳቁ፤ ተጫዋች ሽማግሌ መሆኑን ካለፈው ዓመት ሪፖርት አንብበዋላ! መሪው ሰዓቱን አየና ፈውሱ በመንገድ ላይ እንደሆነ አብሥሮ፣ ፎቶ አስነሥቶ፣ ሁሉንም ወደ አዳራሽ ነዳቸው። ፎቶው ድረ ገጽዎ ላይ አለ። አባቴ በፊቱ ግማሽ ብቻ ፈገግ ብሏል፤ ሌላው ግማሽ ወርዷል። ከሥሩ «የፈውስ ደስታ» ይላል።

ዝምተኛዋ ግን ወደ ኋላ ቀረች። ስለዚች ልጅ ብዙ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ መዝሙር ላይ ከኋላ የምትቆም፣ ሳህን ስታነሣ ድምፅ የማታሰማ ልጅ ናት። አባቴን ውሃ ልታጠጣው ብትሞክር ውሃው በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። መንገዱን በሩጫ ተሻግራ ሱቄ ገባች፤ እኔ የመዝጊያውን ሸሚዞች እየተኮስኩ ነበር። «እትዬ፣ አባባ የዛሬው የምራቸውን ነው» አለችኝ።

ለካ ታውቅ ኖሯል! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአባቴን ትወና አውቃ፣ ለእሱም ለጓደኞቿም ብላ ሆድ ይፍጀው ብላለች። ካውያውን ሸሚዝ ላይ ትቼ ወጣሁ፤ የማን ሸሚዝ እንደነበር አላውቅም፤ የመሪው ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

በአናጢው መኪና፣ በጣውላ መካከል አስተኝተነው ሆስፒታል ደረስን። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ይዛ የሄደችው እሷ ናት። ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለችና ቀሪውን ሳትናገር ወደ ሥራዋ ዞረች፤ እኔም ቀሪውን መስማት አልፈለግሁም። በዚያ ሰዓት አዳራሻችሁ ውስጥ የመዝጊያው ምስክርነት እየተሰማ ነበር አሉ፤ እሷ ደግሞ አባቴ አስመልሶባት ቲሸርቷን በኮሪደሩ ቧንቧ ታለቀልቃለች። መሪው ደወለላት፣ ቶሎ እንድትመጣ። እኔ ለአባቴ ልብስ ላመጣ ስለሄድኩ፣ እሱን ብቻውን ጥላ እንደማትመጣ ነገረችው። እኔ ስመለስም አልሄደችም። አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ፣ አውሮፕላኑም ጥሏት ሄደ፤ እሷ አባቴ ምራቁን በደንብ መዋጥ እስኪችል ድረስ ከወንበሯ አልተነሣችም። ያንን ቲሸርት ቆይቼ አጠብኩት። የእርስዎን ቲሸርቶች ማጠብ ከጀመርኩ ወዲህ የምር ቆሽሾ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ለሪፖርትዎ ባይሆንም። አባቴ ስንት ጊዜ ተጸልዮለታል፣ ራሱ ግን ለምኖ አያውቅም። በማግስቱ ምላሱ እየተሳሰረ «ልጄ፣ እስቲ አሁን ጸልዪልኝ» አላት። ያለ ጊታር፣ ያለ ፎቶ፣ እጁን ይዛ አጭር ጸሎት ጸለየች። አሜን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም ኮሪደር ወጥቼ አልቅሼ ተመለስኩ። የዘንድሮው ሪፖርት ከዚያ በፊት ስለተዘጋ፣ ይህ ሳይመዘገብ ቀርቷል።

፭ኛ. ስለ ቅጣቱ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ውሳኔዎ ልጅቷ ያለ ፈቃድ ከቡድን ተለይታ፣ በፕሮግራም ያልተያዘ ተግባር ስትፈጽም መገኘቷን ይገልጻል። እኔ ያልተማርኩ ሴት ስለሆንኩ ደጋግሜ አሰብኩበት፤ በመጨረሻ የገባኝ፣ በአገልግሎት ሰዓት ስታገለግል እጅ ከፍንጅ መያዟ ነው። ይህን የመሰለ ድፍረት ካልተቀጣማ ነገ ሌላዋ ተነሥታ የተራበ ልታበላ ነው! ይህን ልጅቷ በራሷ አልነገረችኝም ነበር፤ ስልክ ደውዬላት እያዋዛሁ ነው ያወጣጣሁት። ስሟ የተነበበው የጠፋ ጃንጥላ ያገኘ ሰው እንዲመልስ ከሚለው ማስታወቂያ ቀጥሎ ነው አሉ። እናቷ በዚያው ጉባኤ ዘማሪ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ዓይን ማየት አፍረው ቤት ውለዋል። ለጃንጥላው እንኳ ባለቤት ተፈልጎለታል፤ የልጅቷን ስም ግን ማን እንደሚመልስላት እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ወጣቶቹን አልወቅስም። ደጎች ናቸው፤ ሲሄዱ ያለቅሳሉ፣ እኛም እናለቅሳለን፣ ውሸት የለበትም። ያዘዟቸውን ነው የሠሩት፤ ያላዘዟትን የሠራችው አንዷ ናት የተቀጣችው።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሽማግሌው ነቅተው በተገኙበት ታሪካዊ ስብሰባ የሚከተለውን ወስኗል። የልጅቷ ስም በተነበበበት በዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ ከተቻለም በዚያው ድምፅ፣ ጥፋት እንደሌለባት ይነበብ። እስከዚያ ድረስ አጥራችን አይነቀልም፤ እጅ የሚያነሣ የምር የፈለገ ብቻ ነው፤ የሚተኛልዎ ታማሚም የለም። ለእንግዳ የሚሆን ችግር አልቆብናል። የራሳችን ችግር ግን እንዳለ ነው፤ ሒሳብ የሚያስጠና እስካሁን አልተገኘም፣ ጥግ ቤት ያሉት እማማም ገላቸውን የሚያጥባቸው ይፈልጋሉ፣ ስድቡን የሚችል ከተገኘ። ለፎቶ ግን ሁለቱም አያምሩም።

እንግዲህ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ብዕርዎን አያድርቅብዎ፣ ከቢሮዎ ወጥተው ሰው የሚያዩበትንም ቀን ያቅርብልዎ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጎንበስ ያልኩት ልብስ ስለምዘፈዝፍ ነው።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር
የቢጫ ቲሸርቶችዎ አጣቢ፣ የሹፌሩ ልጅ

ግልባጭ፦
ለጸሎት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለልጅቷ ጉባኤ
ለጊታር ተጫዋቹ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ትናንት ዝምተኛዋ በራሷ ዕረፍት፣ በራሷ ትኬት መጣችልን። ማንም አልላካትምና እባክዎ በየትኛውም ሪፖርት እንዳያስገቧት። እናቷንም ይዛ ነው የመጣችው። እርስዎ ስለ ጥፋቱ ፈረሙ እንጂ ጥፋቱን በዓይንዎ አላዩትም፤ እናቷ ግን ሊያዩት መጡ። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው በራችን ላይ ቆሙ፣ ግቡ ብንላቸውም አልገቡም። «ልጄ እዚህ አገር ያጠፋችውን ጥፋት አሳዩኝ፤ እሱን ሳላይ አልቀመጥም» አሉ። አባቴ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር በከዘራው ተደግፎ፣ ማንም ሳይረዳው፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ጥፋቷ እኔ ነኝ» አላቸው ለእናቷ። «ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ።»