ቆጣሪው በስምህ ነበር

ውድ ደንበኛችን፣

አትደንግጥ፣ እኔ ነኝ። ውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው እንዲህ ብሎ የሚጠራህ። በየወሩ «ውድ ደንበኛችን» እያለ ስምህን ከነአባትህ ስም አሳምሮ ጽፎ ይልክልሃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠፋ ያልረሳህ እሱ ብቻ ነው፤ እናትህና እኔ ስንቀር። «ፍቅሬ» ብዬ ልጀምር ፈልጌ ብዕሬ እንቢ አለ። «ለጤናህ እንደምን አለህ» እንዳልል ደግሞ ደህና መሆንህን ከሰው ሰምቻለሁ። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ሰላምታ ተዋስኩ።

የምጽፍልህ ስለ ፍሳሽ ነው። አትሳቅ። ሴት ከስድስት ዓመት በኋላ ለባሏ ስትጽፍ ስለ ናፍቆት ትጽፋለች እንጂ ስለ ሽንት ቤት ትጽፋለች ወይ ትል ይሆናል። እኔ ናፍቆቱን ጨርሼዋለሁ፤ የቀረኝ ፍሳሹ ነበር።

ጓሮ ያለው መስመር ተዘጋ። መጀመሪያ የመታጠቢያው ውሃ ለመሄድ ማንገራገር ጀመረ፤ ኋላ ጭራሽ መውረዱን ትቶ መውጣት ያዘ። የጓሮው ማንሆል ክዳን ሥር እየተንፎለፎለ ግቢውን አልፎ ቁልቁል ታችኛው ቤት ገባ። ታችኛው ቤት ማን እንዳለ ታውቃለህ፣ ያ ልብስ ሰፊ። ሰውዬው መርፌ ሲወጋው እንኳን ሰፈሩን የሚያስነሳ ነው፤ አሁን ደግሞ እውነቱን ነበረው። በየጠዋቱ አጥራችን ሥር ቆሞ ደንበኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው እንደሚለኩ ይነግረኛል። ምን ልበለው? እናትህ ጉልበቷ እንደልብ አያስኬዳትም፤ በዚያ እርጥብ ስትረግጥ ትወድቅብኛለች ብዬ ድንጋይ ደርድሬላት ነበር። ሁለት ሴቶች በገዛ ግቢያችን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ስንኖር ብታየን ኖሮ።

ታዲያ መስመሩን የሚከፍተው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነው፤ መኪናው የሚመጣው ደንበኛው ሲያመለክት ነው፤ ደንበኛው አንተ ነህ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ «ይምጣ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ምን ብትነግረው መልሱ «ባለቤቱ ይምጣ» ስለሆነ። እኔም ሄድኩ፣ ተራዬን ጠበቅሁ፣ አስረዳሁ። ይምጣ ኮምፒውተሩን አየና ቆጣሪው በአንተ ስም ስለሆነ አንተ ራስህ እንድትመጣ፣ ካልሆነም ውክልና እንዳመጣ ነገረኝ። በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ ብለው፣ መክፈል ማንም ይችላል አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ለመክፈል እኔ እበቃለሁ፣ ለመጠየቅ ግን አንተ። ደግሜ ሄድኩ፣ ደጋግሜ ሄድኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ ሲስተሙም ሲኖር ኃላፊውም ሲገኝ መልሱ ያው አንተ ነህ።

አሁን ለምን እንዲህ እንደተጣደፍኩ ልንገርህ፤ ግቢው ስለሸተተ ብቻ አይደለም። ልሄድ ነበር። እህቴ እሷ ባለችበት ከተማ ዳቦ ቤት ከፍታ ሽያጩን አንቺ ያዢልኝ ብላ ከለመነችኝ ቆይቷል። ከዚህ ቤት ወጥቼ የራሴን በር የምከፍትበት ሌላ ዕድል እንደማይመጣልኝ አውቃለሁ። ግን እናትህን ለማን ልተዋት? ስፈልግ ስፈልግ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ አገኘሁ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ እጇ የለሰለሰ። የፊት ለፊቱን ክፍል ልትከራይና እናትህንም ልታይልኝ ተስማማች። መጥታ ክፍሉን ወደደችው፣ እናትህንም ወደደቻት። ጓሮውን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ፍሳሹ የተሠራ ቀን እገባለሁ አለች፤ አልፈረድኩባትም። እንግዲህ አየህ፣ እኔ እንድሄድ ነርሷ ትግባ፣ ነርሷ እንድትገባ ፍሳሹ ይከፈት፣ ፍሳሹ እንዲከፈት አንተ ና። ጥለኸኝ ሄደህ እንኳን ደጁን የያዝክብኝ አንተ ነህ። ያኔ ጠላሁህ። ስትሄድ አልጠላሁህም ነበር፤ እውነቴን ነው፤ ይምጣ መስኮት ፊት ቆሜ ነው የጠላሁህ።

እናትህን ታውቃታለህ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስምህ በክፉ አይነሳባትም ነበር። ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ልጄ ስልኩ ጠፍቶበት ነው። ጎረቤት በሐሜት ዓይን ካያት በዱላዋ ነው የምትመልሰው። ባለፈው ዓመት ያ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የልጅነት ጓደኛህ፣ በር ላይ ጠርቶኝ አየሁት አለኝ። ከነአዲሷ ሚስትህ። ወፍረሃል አለኝ፣ ይሄ ደግሞ ምን አስፈለገው። ለእናትህ አልነገርኳትም። በዚያ ዕድሜዋ ልቧን ከምሰብረው እኔው በሆዴ ልያዘው ብዬ ዝም አልኩ፤ እሷም «ይመጣል» ባለች ቁጥር «አሜን» እያልኩ አብሬያት ስጠብቅ ኖርኩ።

አንድ ቀን ከመስኮቱ ተመልሼ ጫማዬን እያጠብኩ ይምጣ ያለኝን እንደ ቀልድ ነገርኳት። ሰውየው ቢሞት ይቀል ነበር፣ የሞት ማስረጃ ካለ ቆጣሪው በአንድ ቀን ወደ ሚስት ይዞራል ብሎኛል። «አየሽ እማዬ፣ ከሚኖር ሰው የሞተ ሰው ይጠቅመናል» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እህቴ ስትደውል የምናወራውን፣ ነርሷን፣ ሁሉን ሰምታ ኖሯል። እኔ ከእሷ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያልሰማሁት እኔ ነኝ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ የምትሄድበትን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ዱላዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ወዴት ነው ብላት «ልጄን ላስመዘግብ» አለችኝ። ያምሻል ወይ እማዬ አልኳት፣ ለመንኳት፣ ቀሚሷን ያዝኩ። እሺ ብላ የማትመለስ ሰው መሆኗን ታውቃለህ፤ የወረስከው ከማን ሆነና። ምስክር ያስፈልጋል ስላት ልብስ ሰፊውንና ባለሱቁን ቀድማ ነግራቸው ኖሯል። ልብስ ሰፊውማ ለዚያ ፍሳሽ ሲል እንኳን አንተን፣ አያትህንም ደግሞ በገደለ ነበር።

የሰፈሩ አስተዳደር ቢሮ ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰዓት። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ትሁት። እናትህን አስቀምጣ ሟች ምናቸው እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ልጄ አለች። ስምህን ጠየቀቻት፤ አንድም ሳትሳሳት ከነአያትህ ተናገረች። የማለችው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ብናገር «አልሞተም» የሚለው ቃል አምልጦኝ ይወጣል ብዬ ፈርቼ።

«በምን ነው የሞተው፣ እናቴ?» አለቻት ጸሐፊዋ።

እናትህ ዱላዋን እያሻሸች «መንገድ በላብኝ» አለች።

ማኅተሙ ተመታ። እስክንወጣ አላለቀሰችም። የመውጫውን ደረጃ ክንዷን ደግፌ ሳወርዳት ቀለል አለችኝ። እንዲያ የቀለለች ሴት አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንዴት እንደፈጠነ ብታይ ትገረማለህ። ይምጣ ወረቀቱን ሲያይ ተነስቶ ቆመ፤ «ነፍስ ይማር» አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም «ባለቤቱ ይምጣ» ሳይለኝ አንድ ጉዳይ ጨረሰ። ቆጣሪው በእኔ ስም ሆነ። መኪናው መጣ፤ ሁለቱ ሠራተኞች ቱቦ አውርደው ሲመጥጡ ሲመጥጡ ውለው ከውስጥ የዛፍ ሥር፣ ጨርቅ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቆርቆሮ ጽዋ አወጡ። ውሃው ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው አጉረምርሞ ወረደ። ልብስ ሰፊው በአጥር በኩል መረቀኝ። ነርሷ ዕቃዋን አስገባች። እኔም ሻንጣዬን አወጣሁ።

ሰው ሊያጽናናን ይመጣ ጀመር። ወሬው በሰፈሩ ተዳርሷል፤ መከልከል አይቻልም። እናትህ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ «አሜን፣ አሜን» እያለች ትቀበላለች። መጀመሪያ ለሰው ብላ ነበር መሰለኝ። የባለሱቁ ሚስት መጥታ «ጥሩ ልጅ ነበር» ስትላት ግን አንድ ነገር ተበጠሰ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስትንሰቀሰቅ ነርሷ ደንግጣ ውሃ ይዛ መጣች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ያልሞተ ሰው ለቅሶ አለቀስኩ።

ሰዉ ሲበተን እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አንቺን እንዲህ አድርጌ የት እሄዳለሁ፣ ቀርቻለሁ አልኳት። ተቆጣች። ልጅ ሆኜ ወደዚህ ቤት ከመጣሁ ወዲህ እንዲያ ተቆጥታኝ አታውቅም።

«ልጄን የገደልኩት አንቺን ላስቀር ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ሹፌሩ አንቺ ዘንድ ሳይመጣ ቀድሞ የነገረው ለእኔ ነው። እንዳለ አውቃለሁ። ሴት ልጅ ወልዷል። ስሟን በእኔ ስም ነው ያወጣላት።»

ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር ደብቀን፣ እሷ ለእኔ ስትል «ይመጣል»፣ እኔ ለእሷ ስል «አሜን» ስንባባል ነው የከረምነው። ደግሞ አስበው፤ ስሟን የተሸከመች የልጅ ልጅ እንዳላት እያወቀች፣ አንድ ቀን እንደምታያት ተስፋ ማድረግ እየቻለች፣ ሄዳ ማለች። ለማን ብላ? አንተ ለተውካት ለእኔ ብላ። እኔ እኮ ልጇ አይደለሁም።

አሁን እንግዲህ ሁሉም ተከፍቷል፣ መሄድ እችላለሁ። ሻንጣዬ በሩ አጠገብ ቆሟል። እህቴ ትደውላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት እላታለሁ፤ ሳምንቱ ሲደርስ ያንኑ እላታለሁ። እናትህ በየቀኑ «ሂጂ» ትለኛለች፣ ነርሷም ደህና አድርጋ ይዛታለች፣ ምክንያት የለኝም። እግሬ ግን እንቢ አለ። ስምህ አስሮኝ ሳለ ቢያንስ አንተን ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። አሁን የያዘኝ የእሷ ደግነት ነው፤ እሷን በምን አፌ ልርገማት? ስትገፋኝ ይብስ ትይዘኛለች። ከዚህ ቤት መውጫው የቱ ጋ እንደሆነ ካወቅህ አንተ ንገረኝ፤ ከሁላችን አንድ ቀን ወጥቶ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ይሄን ወረቀት የሚሰጥህ ሹፌሩ ነው። መልስ አትላክ። እናትህ ምላለች፤ እዚህ ሰፈር በእናቱ አፍ የሞተ ሰው ነህ። ብትመጣ ሰው አንተን አይጠይቅህም፤ የሚጠይቀው እሷን ነው፣ የሚያፍረውም የእሷ ፊት ነው። አንድ ቀን ናፍቆት አስነስቶህ፣ ልጅህን እጇን ይዘህ «አያትሽን ላሳይሽ» ልትላት ትችላለህ፤ ሰው ነህና። ያን ቀን እባክህ ከደጅህ ተመለስ። እኔ በሕይወት ሳለህ ጠብቄህ አልመጣህም። ለእሷ ስትል ደግሞ እንዳትመጣ። ስለ እሷ ማድረግ የቀረህ ነገር ይሄው ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት ስላደረግከው አይከብድህም።

የሟች ሚስት