ስለ ኮሌጁ የነገርኩሽ ውሸት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? አክስትሽስ? ጉልበቷ ተሻላት? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የአንድ አሮጌ አውቶብስ ሞተር አውርደን ስንታገል ስለዋልን፣ ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግራሶ አልለቅ ብሎኝ ወረቀቱን እያቆሸሽኩብሽ ነው። ነገ ማለዳ ወደ እናንተ የሚነሣ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፤ በእሱ እጅ ልላከው ብዬ ነው የምጣደፈው። ብደውልልሽ ይቀል ነበር። ግን በስልክ አንዴ ዋሽቼሻለሁና ድምፄን አላምነውም።

አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ "አባዬ፣ እዚያ ያለውን የፊልም ኮሌጅ ሄደህ እይልኝ፤ አንተ ካልከኝ አምናለሁ" አልሽኝ። ሄጄ አየሁና፣ "እንከን የለውም፣ ዝም ብለሽ ነይ" አልኩሽ። በደስታ ጮኽሽ። "በቃ፣ ዓርብ እመዘገባለሁ!" አልሽ። 

ያየሁት እንዲህ ነው። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እየዞረች አሳየችኝ፤ ትሑት ሰው ናት፣ አላማትም። ካሜራዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድረው ተቆልፎባቸዋል። እኔ ስለ ፊልም የማውቀው የለም፤ ስለ ዕቃ ግን አውቃለሁ። የሚሠራበት ዕቃ እጀታው ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይጫጫራል። እነዚያ ከካርቶን እንደወጡ ናቸው።

"ተማሪው መቼ ነው የሚይዛቸው?" አልኳት።

"ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ፣ አስተማሪ ባለበት።"

"እስከዚያስ?"

"ንድፈ ሐሳቡን ይማራሉ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ መፍቻ ሳይነካ የሚማር መካኒክ ታየኝ። ስወጣ ደረጃው ላይ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ተቀምጣ ነበር፤ ስለ አንቺ ነገርኳት። "አባባ፣ እኔ የመመረቂያ ፊልሜን የቀረጽኩት በስልኬ ነው" አለችኝ። "ካሜራ ስንጠይቅ ቁልፉን የያዘው ሰው ሁሌ የለም። ሌላ አማራጭ ካላት አያምጧት።"

ሌላ አማራጭ አለሽ። እዚያው አጠገብሽ ያለው፣ ጣሪያው ያፈሳል ብለሽ የሳቅሽበት ኮሌጅ፣ በገባሽ በሳምንትሽ ካሜራ ትከሻሽ ላይ ጭኖ "ውጪና ሰው ሥራ ላይ ሳለ ቅረጺ" የሚለው።

ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ ትይኛለሽ። ነገሩ ከእናትሽ ጋር የተያያዘ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ናት። ትንሽ ትረሳለች፤ ዕድሜ ነው። ድስት ጥዳ ትወጣለች። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገበያው ማዶ አግኝታት፣ እጇን ይዛ መለሰችልኝ። አሁን ወደ ሥራ ስሄድ እሷ ዘንድ አስቀምጫት ነው የምሄደው። መኪና ሥር ተኝቼ እንኳ ልቤ እቤት ነው። ልጄ ብትመጣ ሁለት ሆነን እንጠብቃታለን ብዬ አሰብኩ። አንቺን ሳልጠይቅሽ በሕይወትሽ ላይ ወሰንኩ።

አንዳንድ ቀን ግን ልክ እንደ ድሮዋ ትሆናለች። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠርኩላት፣ "ልጅቷ ኮሌጁን ወደደችው?" አለችኝ።

"ወደደችው።"

"አንተስ?"

ማበጠሬን ቀጠልኩ።

"ዋሽተሃታል" አለች። "ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ ይህ ይጠፋኛል?"

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

ዘወር ብላ ማበጠሪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። "በእኔ አታሳብብ! ልጄን የወለድኳት ዘበኛዬ እንድትሆን ነው? ጻፍላት። ዛሬውኑ ጻፍላት፣ እኔ ሳልረሳው።"

ማታ ከሥራ ስመለስ ነገሩን ጨርሶ አታስታውሰውም ነበር። እኔ ግን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ዓርብ እዚያው አጠገብሽ ተመዝገቢ። ስለ እናትሽ እኔ አለሁ፤ ልብስ ሰፊዋም አለች። እኔን መቆጣት ካማረሽ ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ብቻ "ልምጣ" እንዳትዪኝ፤ እምቢ ለማለት አቅሙ ያለኝ አይመስለኝም።

እጅሽ የያዘው ይቅናልሽ። ዓይንሽ ያየውን ሌላውም እንዲያየው ያድርግልሽ። የክፉ ሰው ጥላ አይረፍብሽ።

አባትሽ

ደብዳቤውን ላሽግ ስል እናትሽ "እኔም ልጻፍላት" ብላ እስክሪብቶውን ወሰደችብኝ። የጻፈችውን ላርመው አልቻልኩም፤ እንዳለ ልኬልሻለሁ።

ልጄ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። ደወል ሲደወል ብቻሽን መንገድ እንዳታቋርጪ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቂኝ፣ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ። እናትሽ።