የስሌት ክፍል ኃላፊያችንን ሞትና ያልተሰማውን ሪፖርታቸውን አስመልክቶ

የውኃ አገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር የስሌት ክፍል ኃላፊ የነበሩትን እህታችንን ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ በሞት መነጠቁን የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘንና፣ ምን ይደበቃል፣ በቁጣ ነው። ኃላፊያችን ያረፉት የሦስተኛውን የውኃ ማጠራቀሚያ ስንጥቅ ሲለኩ ግድግዳው ተደርምሶባቸው ነው። መሥሪያ ቤቱ «ድንገተኛ አደጋ» ብሎታል። ድንገተኛ አልነበረም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በተግባራዊ ሒሳብ ይዘው ሲቀጠሩ የተሰጣቸው ሥራ የቆጣሪ ንባብ መደመር ነበር። አላኮረፉም። በሁለተኛው ዓመት የመስመሩን ግፊት አስልተው፣ ውኃ ከመሬት ሥር የሚፈስበትን ቦታ ከወንበራቸው ሳይነሡ አመለከቱ። ቆፋሪዎቹ እየሳቁ ሄዱ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ አፋቸውን ይዘው ተመለሱ።

በአምስተኛው ዓመት የስሌት ክፍሉን አቋቋሙ። ከድኅረ ምረቃ ትምህርታቸው ያመጡትንም ልማድ ተከሉ፦ አንዱን ስሌት ሁለት ሰው፣ በተለያየ ክፍል፣ ሳይተያይ ይሠራዋል፤ ከዚያ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ይገናኛሉ። እዚያ አለቃ የለም። ጀማሪ ቴክኒሻን «እትዬ፣ እዚህ ጋ እኮ ተሳስተዋል» ሲላቸው ጠመኔውን ያቀብሉት ነበር። ብዙዎቻችን ሥራ የተማርነው፣ መከባበርንም ያወቅነው እንዲህ ነው።

ከአምስት ወር በፊት ሦስተኛውና አራተኛው ማጠራቀሚያ ከግማሽ በላይ እንዳይሞሉ በአሥራ አንድ ገጽ ሪፖርት አሳሰቡ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «ይሄ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው፤ እኛ እዚህ ሥራ ነው የምንሠራው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኛም ስቀናል።

የባሰው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሥራ አስኪያጁ «ግድግዳው አስተማማኝ ነው» የሚል ስሌት በሌላ ሰው አሠርተው ለሁለተኛ ሰው ማረጋገጫ ሲልኩ፣ አንድ የማኅበራችን አባል ራሱ ሳያሰላ ቁጥሩን ገልብጦ ፈረመ፤ ሁለቱም ማጠራቀሚያዎች ተሞሉ። በቀብሩ ማግስት እያለቀሰ የነገረን ራሱ ነው። ስሙን አንጠራም፤ በእሱ ቦታ ብንሆን ስንቶቻችን እናሰላ እንደነበር እናውቀዋለን። ያፍራል፤ እናፍራለን። ሥራ አስኪያጁ ግን እስከ ዛሬ አላፈሩም።

ለባለቤታቸው፣ በእናቷ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪዋን በመማር ላይ ላለችው ልጃቸውና ለክፍሉ ባልደረቦች መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታም እንጠይቃለን።

አራተኛው ማጠራቀሚያ ይህ እስከሚጻፍ ድረስ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ከሥሩ የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ልጆቻችሁን ከማጠራቀሚያው ማፍሰሻ ቦይ አርቁ። ትእዛዝ አልተሰጠንም። ውኃውን የምንለቀው እኛ ነን።