ሳይለኩ የማያምኑት የአቶ ከፍያለው ሞላልኝ ሕይወት

አቶ ከፍያለው ከአባታቸው ከአቶ ሞላልኝ ይመርና ከእናታቸው ከወ/ሮ አገሬ አሊጋዝ ጥር 12 ቀን 1936 ዓ.ም በደሴ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው አዲስ አበባ በስልክ ሙያ ሠለጠኑ። በ1967 ዓ.ም ወ/ሮ ጥሩወርቅ በላቸውን አግብተው ዕፀ ሕይወትንና ማቲዎስን ወለዱ። በሱዳን በኩል ተሰድደው እ.ኤ.አ. በ1985 ዳላስ ገቡ።

አምስት ዓመት ከዳላስ አጠገብ አዲሰን ከተማ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ቆይተው፣ በ1990 ፋርመርስ ብራንች በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለ አንድ የሞባይል ስልክ ድርጅት ተቀጠሩ። ሥራቸው እየነዱ መደወልና ድምፅ የሚቆረጥበትን ቦታ መመዝገብ ነበር። ወደ ቤት ይደውሉና የዘወትር ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ዕፀ ሕይወት ቃሉ የተቆረጠበትን በጸሎት መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ትይዛለች። ወ/ሮ ጥሩወርቅ "በጸሎት ይቀለዳል እንዴ?" ቢሏቸው፣ "ሃሎ ሃሎ እያልኩ ከምደክም ፈጣሪዬን ባነጋግር ምን አለበት" አሉ። ጥሪው ጭራሽ ካልገባ ደግሞ ከአጠገባቸው በማይለይ ደብተር አንድ ጭረት ይጭራሉ።

በ1996 ድርጅቱ አዲስ ቴክኖሎጂ ሊገዛ ሁለት ሻጮች መጡ። አንደኛው የአየሩን ጊዜ እየሸነሸንኩ፣ ሁለተኛው ድምፁን በኮድ እየለየሁ ብዙ ሰው አነጋግራለሁ ባይ ነው። ሁለተኛው "አሥር እጥፍ" ብሎ፣ አቶ ከፍያለው የሚኖሩባትን ሜስኪትን፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ የለም ሲል፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ የቀባ ካርታ ዘረጋ። ከሰውየው እውነት የነበረው የጫማው ማማር ብቻ ነው።

አቶ ከፍያለው "ማን ለካው?" አሉ።

"ኮምፒውተር።"

"ኮምፒውተሩ መኪና ይነዳል?"

ራሳቸው ነድተው ሲለኩ፣ ከቤታቸው አቅራቢያ ባለው የባቡር ድልድይ ሥር የሁለቱም ሻጮች ስልክ ሞተ። "ይህ ሳይስተካከል የልኬቱ ማረጋገጫ ላይ አልፈርምም" አሉ። ሌሎች ፈረሙ፤ እሳቸው ወደ መጋዘን ተዛወሩ። ወዳጆቻቸው "ከፍዬ፣ ኦኬ፣ ተወው በቃ፣ ያንተ ድልድይ ነው?" ቢሏቸውም፣ ማታ ማታ ሲመለሱ በራሳቸው ስልክ መለካታቸውን አልተዉም።

ኦክቶበር 14 ቀን 1997 ከሥራ ሲመለሱ ደረታቸውን ወጋቸው። የቤቱ ስልክ ጮኸ። "ዕፄ፣ ልቤን" ብለው ተቆረጡ። ልጃቸው የት እንዳሉ አልጠፋትም፤ በዚያ ሰዓት የሚቆረጡት ድልድዩ ሥር ነው። ለድንገተኛ እርዳታ ወደ 911 ደውላ እየሮጠች ደረሰች። መኪናቸው ጥግ ይዛ ቆማለች፤ ሰዉ ፓርክ ያደረጉ መስሎት ያልፋል። ደብተራቸው ላይ የዚያ ቀን ሰባት ጭረት ነበር፤ ሰባተኛዋ ከወረቀቱ ወጥታለች።

ሐኪሞቹ "ሃያ ደቂቃ ቀድመው ቢደውሉ ኖሮ" አሉ። ደውለው ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 18፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ደሴ ያሉትን እህታቸውን ወ/ሮ ብርሃኔን ትተው ሄደዋል። ካርታው ዛሬም አረንጓዴ ነው። ደብተሩን ግን አብረን አንቀብረውም፤ ከፈረሙት መካከል ሊያለቅስ የመጣ ካለ፣ ሲወጣ አይቶት ይሂድ።

ሰባት ጊዜ ጠርተው ሰው ያልሰማቸውን አቶ ከፍያለውን፣ ገና ሳይጠሩት የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።