ማን ነገረሽ?

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? እዚያ ሲሊጉሪ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ሳሉ ተነሣብህ ወይስ ዘንድሮ ማረህ? ባለቤትህስ? ያቺ ለፍላፊ ልጃችሁስ? እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የሸሸኝ።

ፕሮፌሰር ባግቺ አንተ ተማሪያቸው ሳለህ የጀመሩት ሥራ አለቀ። ዓለም በተፈጠረችባት ቅጽበት ቦታ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለኤሌክትሮንና ለመሰሎቹ መጠነ ቁሳቸውን የሰጣቸው ያ የስበት መንቀጥቀጥ ነው የሚሉት። ሒሳቡን ስንጨርስ የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ በቤተ ሙከራ እንደሚለካው ቁልጭ ብሎ ወጣ። የትምህርት ክፍሉ ሰው ሁሉ በስኳር ውኃ የራሰውን ሮሾጎላ እየበላ ጣቱን ላሰ።

እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። እንዲህ አምሮ የሚወጣ ነገር ያስፈራኛል። መቼም ታውቀዋለህ፣ ጽሕፈቱ እንዲያጥር የብርሃኑንም ፍጥነት፣ የስበቱንም ቁጥር “አንድ ይሁን” ብለን ነው የምንነሣው። በአንድ ቢያባዙ ምንም አይታይ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይታወቅም። አንዶቹን ሁሉ ወደየቁጥራቸው ብመልሳቸው፣ መሀል ላይ ካለ መስመር አንዱ “አንድ” ሥር ያው የተለካው የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ተሸሽጎ አገኘሁት። ለተንኮል እጥፍ አድርጌ አስገባሁት፤ ሒሳቡም ሳያፍር እጥፉን መለሰልኝ። የሰጡትን የሚደግም በቀቀን በለው።

አብሮኝ የሚማረውን ዴባርጋን ሻይ ቤት ባማክረው ሳቀብኝ። “አንቺ ልጅ፣ ዓለም ስትፈጠር ቆመሽ አይተሻል? ሽማግሌው ካሉ አሉ ነው። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲውን የምርምር ቦታ ሳታገኚ ደግሞ አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ የድጋፍ ደብዳቤሽን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው” አለኝ።

አላስችል ብሎኝ ትናንት በራቸውን አንኳኳሁ። መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸው። “ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?” አላሉኝም። መነጽራቸውን አውልቀው “ማን ነገረሽ?” አሉኝ። ማንም፣ ብላቸው፣ “ወንድምሽ ይጽፍልሻል?” ብለው ጠየቁኝ። ስምህን አንሥተው የማያውቁ ሰው።

ከዚያ ወዲህ የማልጠረጥረው የለም። እሳቸው ዘንድ ልማር ነው ያልኩህ ቀን፣ የሂልሳውን ዓሣ እሾህ ስትለቅም ቀና እንኳ አላልክም። “ሒሳቡን ደጋግመሽ እዪ” ብቻ አልከኝ። የታላቅ ምክር መስሎኝ ነበር። አንተም ያን “አንድ” አይተኸው ኖሯል?

እኔ ሐሳቡ ራሱ ውሸት ነው አልልም። አንድም “አንድ” ሳልሸሽግ ከመጀመሪያው ልሠራው ቆርጫለሁ። የትምህርት ቤታችሁ ዕረፍት ሲደርስ ና፤ ለልጆቹ ማባዛት ማስተማሩን ለጥቂት ቀን ተውና አብረን እንቀመጥበት።

ዛሬ ጠዋት ስሜን ለኅትመት ከተሰናዳው ጽሑፍ እንዲያወጡት ነገርኳቸው። ኪዮቶም በዚያው ቀረ። ይቆጣሉ፣ ወይ ይለምኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እስክሪብቷቸውን አንሥተው ስሜ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሳቡበት። እጃቸው የለመደው ይመስላል፣ ወንድም ጋሼ።

አምላካችን እናት ዱርጋ ደረትህን ከብርድ፣ ቤትህን ከክፉ ዓይን ትጠብቅልኝ። ልጅህን አሳድጋ ለወግ ታብቃልህ።

እግርህን በሩቁ ነክቼ፣
ታናሽ እህትህ