የሱሁሩ ደወል

ሰኞ፣ ግንቦት 13/2010፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አሁንም በኮትሊን የስልክ ፕሮግራም መጻፍ። አሁንም ይኸው የሱሁር ደወል፣ ጿሚን ለሌሊቱ ምግብ የሚቀሰቅሰው። ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ። ሰው የሚሞላው በእኛ ሰዓት፣ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ። መቀየሪያው ኮድ በየቦታው ተዝረክርኮ ነበር። አሁን ቁጥሩ ላይ ተቀጥላ ሰዓቱን የምትቀይር አንዲት ፈንክሽን፣ ትንሽ የትእዛዝ ቁራጭ፣ ጻፍኩ። 10.ወደፈረንጅ() ስል 4 ይሰጠኛል። አንድ መስመር! ሰዓት የሚሞላበትን ገጽ የሚመራው የኮድ ክፍል፣ ክላሱ ውስጥ ከተትኳት። ባልደረባዬ ዮናስ፣ እዚያ ከሆነች ሌሎቹ ክላሶች አያዩዋትም፣ አውጥተሽ ለብቻዋ አስቀምጫት ይላል። ነገረኛ። ገጹ በትክክል ያሳያል፤ በቃ።

በዚያው ቀን፣ ከአፍጥር በኋላ

ደወሉን በአክስቴ በፋጡማ ስልክ ላይ ጫንኩላቸው። ስኳር አለባቸው። ሐኪማቸው ጾሙን የፈቀደላቸው ሱሁር እስከበሉ ብቻ ነው። እስከዛሬ በራቸውን እያንኳኩ የሚቀሰቅሷቸው ጎረቤታቸው ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። ከእንግዲህ አይድከሙ፣ ስልኩ ይቀሰቅሳቸዋል አልኳቸው። ኩራቴ ለጉድ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አክስቴ ወደቁ። ሱሁር አልፏቸዋል። ጾሜን አልፈታም ብለው በባዶ ሆዳቸው ገበያ ወጡ፤ ስፌት መሸጫው ጋ ተዝለፈለፉ። ጤና ጣቢያ ሲለኩት ስኳራቸው በጣም ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ነቅተዋል።

እቤት የቀረውን ስልካቸውን ከፈትኩ። ደወል የሚቀጥረው ክላስ ፈንክሽኗን የት ያውቃታል? ሌሊት 10 ብለው የሞሉትን እንዳለ ወስዶ በፈረንጅ 10 ላይ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ጮኋል። ሰው በሌለበት ቤት።

አውጥቼ ለብቻዋ አስቀመጥኳት፣ ደወሉም እንዲጠቀምባት አደረግኩ። ጥቂት ደቂቃ ፈጀብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዮናስ ደውሎ ደወሉ እንዴት ሆነ ሲለኝ፣ ሰላም ነው አልኩት። አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 15፣ ከሰዓት በኋላ

ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። ሐጂ ኢድሪስ በሩ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተዋል። ባንኳኳ ኖሮ፣ ባንኳኳ ኖሮ ይላሉ። አክስቴ ደግሞ ያጽናኗቸዋል፤ ስልኩ ጠርቷል፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል ይላሉ። ስልኩን ለእንግዶቹ ያሳያሉ፤ የወንድሜ ልጅ የሠራችው ነው ይላሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ፈቲያ፣ የኔ ልጅ፣ እስቲ ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ።»

ተቀብዬ ወጣሁ። ድምፁ ድሮም እስከ መጨረሻው ከፍ ያለ ነው።

ግቢው ደረጃ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ለብቻቸው ብነግራቸው ይሸፍኑልኛል፤ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ በሰው ፊት ነው የምናገረው፣ ሐጂ ኢድሪስ ሳይሄዱ። ይኸው እየተሰናበቱ ነው፣ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ ገባሁ