ሦስት ቀን የታሰርኩት እኔ ነኝ፦ ለፌስቲቫላችን ዋና ዳይሬክተር

ይድረስ ለክቡር አቶ ኦራሲዮ ቪልያልባ፣
የሎስ ሳውሴስ ዓለም አቀፍ የብዝኃነት ፊልም ፌስቲቫል ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓርብ በዚያ ወይን ጠጅ ኮትዎ መድረክ ላይ ሲወጡ ፊትዎ ወዝቶ፣ ድምፅዎም እስከ ኮሪደሩ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ስለነበር፣ ደህና መሆንዎን ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ያመመኝ ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለቆምኩ ነው፤ ለዚህም ተራው ሲደርስ አመሰግንዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «መልእክትዎ ለእኛ ውድ ነው» ከሚል ምላሽ በቀር ምንም ስላላስገኙልኝ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች ያህል፣ ስሜ ግላዲስ ሳናብሪያ ይባላል። በወንዙ ዳር ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ፀጉር ሠርቻለሁ። ስወለድ ወንድ ብለው መዝግበውኝ ነበር፤ ሴት መሆኔን መንግሥት አምኖ በመታወቂያዬ ላይ እስኪጽፍልኝ ድረስ ግማሽ ዕድሜዬ አልፏል።

አንደኛ፣ ፌስቲቫሉ እንዲህ በማደጉ እንኳን ደስ አለዎት። ዛሬ በአዲሱ የገበያ ማዕከል ዘጠኝ አዳራሽ ይሞላል። ሲጀመር ግን በእኔ ፀጉር ቤት ጓሮ ነበር። ሚርታ አስተማሪዋ ፕሮጀክተር ከትምህርት ቤቷ ትዋሳለች፣ እርስዎ በዚያን ጊዜ የመድኃኒት ቤት ሻጭ ነበሩና ፊልሞቹን ከዋና ከተማ ያስመጣሉ፣ እኔ አንሶላ ግድግዳው ላይ እወጥራለሁ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ሰው መጣ፤ ግማሾቹ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ነበር። ሁለት ሽማግሌ ወንዶች እንደ ባልና ሚስት አብረው ገበያ ወጥተው፣ ሾርባ ሠርተው፣ ተጨቃጭቀው የሚተኙበት ተራ ፊልም ነበር ያሳየነው። ሲያልቅ ዓሣ ሻጩ ዶን ኤሌውቴሪዮ ከወንበሩ አልነሳ አለ። «ምነው፣ አመመህ?» ብለው የጠየቁት እርስዎ ነበሩ። «አይ፣» አለ፣ «ስድሳ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።» ያን ዕለት ሦስታችንም አለቀስን። ከዘጠኙ አዳራሾች በአንዱ ዶን ኤሌውቴሪዮን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገሩኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ ላመስግን። በሦስተኛው ዓመት ፖሊሶች የፊት በሩን ሲደበድቡ፣ ያን የሚያህል የጓሮ ግንብ በአንድ ዝላይ የተሻገረ ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም። ግንቡ ጫፍ ላይ ሆነው «ግላዲስ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔን አላየሽኝም!» አሉኝ። እኔም አላየሁዎትም። ሦስት ቀን አሰሩኝ፤ ወገቤ ድረስ የነበረውን ፀጉሬን ላጩት። «ፊልሙን ያመጣው ማነው?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ» አልኩ። ሚርታ በየቀኑ ትኩስ የቺፓ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ጣቢያው በር ላይ ትቆም ነበር፤ ዳቦውን ፖሊሶቹ እንደሚበሉት እያወቀች። በወጣሁ በሳምንቱ እርስዎ ወደ ፀጉር ቤቴ መጥተው፣ የተላጨ ራሴን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ «እስክሞት አልረሳልሽም» አሉኝ። እኔ ሞኟ አመንኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዓርቡ አቀባበል። ቀይ ምንጣፉ ጥግ ላይ ስም ዝርዝር የያዘች ልጅ ነበረች፤ በእሷ አልፈርድም። «እናቴ፣ ስምዎ የለም። ስፖንሰር ነዎት?» አለችኝ። «አይ፣ ግላዲስ ነኝ፣» አልኳት። «የየትኛው ድርጅት?» አለች። እርስዎ በዚያች ቅጽበት ከሁለት ሚኒስትሮች ጋር ሲያልፉ ዐይን ለዐይን ተጋጨን። እጄን አነሳሁ። እርስዎም ስልክዎን ከኪስዎ አውጥተው በብርቱ ያነቡ ጀመር። ልጅቷ አዝናልኝ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቴሌቪዥን ሥር አቆመችኝ።

አራተኛ፣ ንግግርዎ። «ለዚህ ፌስቲቫል ስል ሦስት ቀን ታስሬአለሁ፤ ፀጉሬን ላጭተውኛል» ሲሉ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ የመታሰሩን ነገር ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበት። ፀጉርን በተመለከተ ግን ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ የእርስዎ ፀጉር በሃያ ስምንት ዓመትዎ ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈቃዱ እንደተሰናበተዎት እመሰክራለሁ።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ ወንበር ላይ እያለ እርስዎ ወደ ፀጉር ቤቴ መጡ፤ አበባም ይዘው ነበር። «ግላዲስዬ፣ ለፌስቲቫሉ ጥቅም ነው፤ ሰው አንድ ፊት ይፈልጋል። ደግሞ ታሪኩ የሁላችንም ነው፣» አሉኝ።

«የሁላችንም ከሆነ፣» አልኩዎት፣ «ከሦስቱ ቀን አንዱ ያንተ ነበር ማለት ነው። የትኛው ነው? የመጀመሪያው እንዳይሆን፤ የመጀመሪያው ቀን ደበደቡኝ።»

አበባውን መታጠቢያው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ፖሊሶቹ ጠላቶቼ ነበሩ፤ ከእነሱ ምንም አልጠበቅሁም። እርስዎን ግን ወንድሜ ብዬ ጠርቼ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ያቆሰለኝ እስሩ ሳይሆን ያ ሠላሳ ሰከንድ፣ ያ ስልክ የማንበብዎ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በመጪው እሁድ ከሰዓት በኋላ ጓሮዬ እንደገና ክፍት ነው። ሚርታ ዐይኗ ደክሟል፤ እኔ እየነገርኳት ታያለች። ያቺ ዝርዝር የያዘችው ልጅ ትናንት መጥታ ወንበር ልደርድር ብላለች። ስም አንጠይቅም።

በኮሪደርዎ ቆሜ የመስማት ክብር ያገኘሁት፣ ተጨማሪ ዕድገት ከልብ የምመኝልዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ በምንም ዓይነት ወዳጅነት የማላስቸግርዎ፣

ግላዲስ ኤርሚንዳ ሳናብሪያ
ፀጉር ሠሪ

ማስታወሻ፦ እናትዎ ዶኛ ራሞና ማክሰኞ ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጥተው ነበር። ንግግርዎን በሬዲዮ ሰምተው ተጨንቀዋል። «ያን ሳምንት ኦራሲዮ ትኩሳት ይዞኛል ብሎ ቤቴ ተኝቶ አልነበር? ሾርባ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። የጃጀሁት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብለው ጠየቁኝ። እሁድ ምሳ ላይ ከራስዎ አፍ መስማት እንደሚፈልጉ እንድነግርዎ አደራ ብለውኛል።